የአባቷ መዳብ

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ሊጨርሱ፣ ኮምቦልቻ ከታች ስትገለጥ፣ የፍሬኑ ፔዳል ከከይሪያ እግር ሥር ሸሸ። ደግማ ረገጠችው፤ ወለሉ ድረስ ገባ። ማርሹን ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ መለሰች። ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳበች መሪውን ወደ ተራራው በኩል ስትይዝ አሮጌዋ ኮሮላ እየተንገጫገጨች ሄዳ ቆመች።

"ያ አላህ!" አሉ አጠገቧ የተቀመጡት አባቷ አቶ አብዱልወሀብ። የሚንቀጠቀጠውን ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ጨብጠው ይዘውታል። "ምን ሆነች?"

"ፍሬን የላትም፣ አባ።"

ከይሪያ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ስትሠራ አድራ፣ ጠዋት ቤት እንኳ ሳትገባ አባቷን ለእጃቸው ሕክምና ደሴ ሆስፒታል ይዛቸው ወጥታ ነበር። በየሳምንቱ እንዲሁ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ትደነግጥ ነበር። ዛሬ ግን ከድንጋጤው ቀድሞ የመጣባት "አሁን ደግሞ ይኼ!" የሚል ሐሳብ ነው። ግንባሯን መሪው ላይ አስደግፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ በአንደኛ ማርሽ፣ በእጅ ፍሬን እየያዘች፣ ሰው በእግሩ እየቀደማት ከተማው መግቢያ ላይ ያለው የጸጋው ጋራዥ ደረሰች።

ጸጋው ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ወደ ኋላ የሚሄደው የፍሬን ቧንቧ በዝገት አልቋል። ስይዘው እጄ ላይ ተፈረፈረ። እስከዛሬ ያደረሳችሁ ፈጣሪ ነው።"

"የተበሳው ቦታ ብቻ ተቆርጦ አይቀጠልም?"

"ይቀጠላል። ነገ ደግሞ ከቅጥሉ አጠገብ ይፈነዳል። ከፈረሰ መኪና የተፈታም ገበያ ላይ ታገኛለሽ፤ ግን እሱም የዚህ እኩያ ነው። ለሐረጎ ከሆነ አዲስ የብረት ቧንቧ ይግባ፤ ከፊት እስከ ኋላ፣ አንዱንም ሳናስቀር።"

አቶ አብዱልወሀብ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ቆዩና "ምንም እንዳትገዙ፣ መጣሁ" ብለው ወጡ። በባጃጅ ሄደው በባጃጅ ተመለሱ። በአሮጌ ሽርጥ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ሲፈቱት የመዳብ ቱቦ ነው፤ ክብ ሆኖ የተጠመጠመ፣ ቀይ፣ ገና አዲስ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ እሳቸው ያልከፈቱት የሥጋ ቤት ፍሪጅ አልነበረም። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ቱቦ መበየድ አቃታቸው፤ ሱቁ ተዘጋ። ዕቃው ሁሉ ሲሸጥ ይኼን ጥቅል ብቻ አልሸጥም ብለው አልጋቸው ሥር አስቀምጠውት ነበር።

"ዝገት የሚባል አያውቀውም" አሉ። "በሻማ ብትፈልግ እንዲህ ያለ ዛሬ አታገኝም። በል፣ ይኼን አስገባላት።"

ጸጋው ቱቦውን ተቀብሎ በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ አያቸው።

"ጋሼ፣ ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው። ለፍሬን ግን አይሆንም።"

"ለምን አይሆንም? ጋዝ ይዞ የሚኖር ቱቦ ዘይት ይከብደዋል?"

"ፔዳል ሲረገጥ ያለው ግፊት የፍሪጅ አይደለም። ደግሞ መኪና ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። መዳብ መንቀጥቀጥን አይችልም፤ ይደክምና ይሰነጠቃል።"

አቶ አብዱልወሀብ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ጸጋው ምን እንደተናገረ የገባው ዘግይቶ ነው፤ ፊቱ ቀላ።

"እኔ ስንት ዘመን ከቱቦ ጋር ኖሬ…" ብለው ጀመሩና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ከይሪያ መተኛት ነው የፈለገችው። ጸጋው መፍቻ የሚፈልግ መስሎ አጠገቧ መጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስሚ፣ ለምን እናስከፋቸዋለን? መዳቡን ተቀብዬ ብረቱን ልግጠምልሽ። ከመኪና ሥር ገብተው አያዩት። አንቺ ሻይ ቤት ይዘሻቸው ሂጂ።"

"እሺ" አለች። በጣም ቀላል ነበር።

"ይሁን ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ" አለ ጸጋው ጮክ ብሎ። የአቶ አብዱልወሀብ ፊት በራ።

ሻይ ቤቱ ከጋራዡ ማዶ ነው። አቶ አብዱልወሀብ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ድሮው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወሩ ጀመር። ሻይ ሻጯን ሳይቀር ጠርተው "የልጄ መኪና ላይ የኔ ቱቦ እየገባላት ነው" አሏት። ከይሪያ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጣቸዋለች። እንዲህ ሲያወሩ ከሰማቻቸው ቆይታለች። ደግ ሠራሁ ብላ አሰበች፤ ዓይኗ ይከደን ጀመር።

"ጸጋው ጥሩ ልጅ ነው፤ ፈሪ ሆኖ ነው እንጂ" አሉ። "ቅድም ልነግረው ይገባኝ ነበር። ለወንድምሽ ለሂሻም ባለፈው ወር ቆርጬ ሰጥቼዋለሁ። ይኸው ሰው ጭኖ ሲመላለስበት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ምን ሆነ?"

የከይሪያ እንቅልፍ ጠፋ።

"ምኑን ነው የሰጡት፣ አባ?"

"ይኼንኑ መዳብ ነዋ። ሚኒባሱ የፍሬን ዘይት ታንጠባጥብ ነበር። ቁራጭ ሰጠሁት፣ አስገጠመው።"

ታናሽ ወንድሟ ሂሻም ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወርድ ታውቃለች። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ዙሪያውን አየች፤ ነገሩን የሚያለዝብላት ቃል ፈልጋ አጣች።

"አባ፣ ጸጋው መዳቡን አላስገባውም። የብረቱን ነው የሚገጥመው። እኔም አውቃለሁ። እንዳይከፋዎ ብለን ነው።"

አቶ አብዱልወሀብ ሻዩን አራቁት።

"ሕፃን አደረጋችሁኝ።"

"አውፍ ይበሉኝ፣ አባ። ደክሞኝ ነው። ግን ጸጋው እውነቱን ነው። መዳብ ፍሬን ላይ ይፈነዳል። ሂሻም…"

ሽማግሌው ማዶ ወዳለው ጋራዥ አዩ። ከዚያ ወደ ተራራው፣ መንገዱ ጥምዝምዝ እያለ ወደሚወርድበት። አንድ ሚኒባስ ከላይ ሲመጣ በዓይናቸው ተከተሉት፤ የሂሻም አልነበረም። ከይሪያ ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን ስትፈልግ እጃቸውን ዘረጉ።

"ወዲህ በይው። የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

ስልኩ በእጃቸው ውስጥ እየተርገፈገፈ ጠራ። ሂሻም ደሴ መናኸሪያ ሆኖ አነሳው። ከኋላው የረዳቱ ጥሪ ይሰማል።

"ሂሻም፣ የት ነህ? … ጭነሃል? … አውርዳቸው። ያ የሰጠሁህ ቱቦ አይሆንም። … እኔ ነኝ ያልኩህ፤ ተሳስቼ ነው። … ወር ሙሉ ደህና ቢሆንስ? የኛም እስከ ዛሬ ደህና ነበረች።"

ሂሻም ከወዲያ "እሺ አባ፣ ይኼን አድርሼ ስመለስ አስቀይረዋለሁ" ሲል ከይሪያም ሰማችው።

አቶ አብዱልወሀብ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ተራ አስከባሪውን ስጠኝ" አሉ።

"አባ፣ ሰው እየሰማ…" አለ ሂሻም።

"ስጠኝ አልኩህ!"

ሌላ ድምፅ መጣ። አቶ አብዱልወሀብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አሰላሙ ዓለይኩም። የሂሻም አባት ነኝ። መኪናዋ ፍሬኗ አያስተማምንም፤ እንዳታስወጣት። … አይ፣ ልጁ አይደለም ያጠፋው። ቱቦውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። … አዎ፣ እኔ። ፍሪጅ ሠሪ ነኝ፤ መኪና አላውቅም።" ሰውየው አስወርዶ እስኪመለስ ጠበቁ። "ሁሉንም አወረድካቸው? አላህ ይስጥህ።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሻይ ሻጯ ሌላ ሥራ ያላት መስላ ፊቷን አዞረች። ከይሪያ የአባቷን ትከሻ ልትነካ አሰበችና ተወችው።

ጋራዥ ሲመለሱ ጸጋው ብረቱን ገጥሞ ጨርሷል። አቶ አብዱልወሀብን ሲያይ ቧንቧውን ሊከልል ቆመ።

"አትልፋ፣ ነገረችኝ" አሉት። አጎንብሰው ከጎማው ጀርባ አዩ። "ብሎኑ ሥር ያንጠባጥባል?"

"አያንጠባጥብም ጋሼ። አሁን ከቧንቧው አየሩን ማስወጣት ነው የቀረው። እኔ ከሥር ስሆን ፔዳሉን የሚረግጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ከይሪያ፣ ነይ እስቲ።"

ከይሪያ ልትሄድ ተነሳች። አቶ አብዱልወሀብ ቀድመዋት በሩን ከፍተዋል።

"እጄ ነው እንጂ የታመመው እግሬ ደህና ነው" አሉ፤ ከመሪው ኋላ ገብተው ተቀመጡ።

ጸጋው መልሷን ጠብቆ ከይሪያን አያት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ ከግድግዳው ሥር ከተጋደመ ጎማ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን አስደገፈች።

"ይርገጡ… ይያዙት… ይልቀቁ" ይላል ጸጋው ከመኪናው ሥር።

"ያዝኩት" ይላሉ አባቷ።

ከይሪያ ዓይኗን ጨፈነች።