ፊቱን የተነጠቀው ካፒቴን

ሠዓሊዋ «የጠፈር ፖስተኞች» የተባለውን የልጆች የሥዕል ታሪክ ለአንድ መጽሔት በየሳምንቱ ስትስል ስድስት ዓመት ሆኗታል። ታሪኩ የሚወሰደው ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን ከሚታየው ተከታታይ ድራማ ነው፤ ጀግናው ከፕላኔት ፕላኔት እየበረረ ደብዳቤ የሚያድል ካፒቴን ነው። በቴሌቪዥኑ መንኮራኩሩ ከካርቶን መሠራቱ ያስታውቃል። እሷ ወረቀት ላይ ግን በደንብ ይበራል።

ሥራዋን የሚቆጣጠር አንድ ሰው ከቴሌቪዥን ጣቢያው ይመጣ ነበር። ሳይጠሩት መመሪያ ይዞ ከተፍ ስለሚል የመጽሔቱ ሠራተኞች «አቶ መመሪያ» ይሉታል። አንድ ሰኞ ጠዋት መጥቶ የጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ካፒቴኑን የሚሠራው ተዋናይ ቅር ብሎታል» አላት። «አፍንጫዬን አገዘፈችው እያለ ነው።»

«አፍንጫው እኮ ልክ እንደዚህ ነው።»

«እሱ እኮ ነው ቅር ያለው።»

አፍንጫውን ቀነሰችለት። በሳምንቱ አገጩ ጠንከር ይበል ተባለ፤ አጠነከረችው። ቀጥሎ የሸሸው ጸጉሩ እንዳይታይ ተባለ፤ የሸሸውን መለሰችለት። በአራተኛው ሳምንት ተዋናዩ ራሱ ደውሎ «ይሄ የምትስይው ሰውዬ ማነው? እኔን አይመስልም» ሲላት ትዕግሥቷ አለቀ። ላጲሷን አንስታ ፊቱን ድምጥማጡን አጠፋችና መስታወቱ በጉም የተሸፈነ ሄልሜት ደፋችበት።

ፊት ከሌለ ሰውየው የሚታወቅበት አቋቋም ያስፈልገዋል። እሱን ከአክስቷ ወሰደችለት። አክስቷ አውቶቡስ ስትጠብቅ አንድ ዳሌዋን ጣል አድርጋ፣ ቦርሳዋን ክርኗ ላይ አንጠልጥላ፣ ዓለም በሙሉ እንዳረፈደባት ሆና ነው የምትቆመው።

ልጆቹ አበዱለት። ደብዳቤ በከረጢት ይጎርፍ ጀመር፤ ሁሉም ሄልሜቱ ውስጥ ማን እንዳለ አውቃለሁ ባይ ነው። አንዷማ «ውስጥ ያለችው አያቴ ናት፤ አቋቋሟን አውቀዋለሁ» ብላ ጽፋለች።

ጣቢያው ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን አሰበበትና ሄልሜቱን ድራማው ውስጥም ለማስገባት ወሰነ። ሄልሜት ካለ ፊት አያስፈልግም፤ ፊት ካላስፈለገ ደግሞ በፊቱ የሚጨቃጨቅ ተዋናይ ምን ያደርጋል? አሰናበቱት። አቶ መመሪያም አዲስ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ከእንግዲህ ሄልሜቱን በድራማው መሠረት ነው የምትስይው።»

«ሄልሜቱን እኮ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«የጣቢያው ሐሳብ መሆኑ እዚህ ጋ ተጽፏል» ብሎ ገጹን አሳያት። «ደግሞ የአንቺ መስታወት ጉሙ ሳሳ ይላል።»

ከአሥር ቀን በኋላ ተዋናዩ ቢሮዋ ድረስ መጣ። ቁጭ ይበሉ ብትለውም ቆሞ ቀረ።

«ሄልሜቱን የሚያደርግ ሰው ሲፈልጉ ተወዳደርኩ» አላት።

«እሺ?»

«ወደቅኩ። አቋቋምህ ካፒቴኑን አይመስልም አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ካፒቴኑ እኔ ነበርኩ እኮ።»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር፤ ዓይኑን ስታይ ዋጠችው። እንጀራው የተዘጋው በእሷ እጅ መሆኑም ከነከናት። በሩን ዘግታ የራሷን ቦርሳ ክርኑ ላይ አንጠለጠለችለት።

«ዳሌዎን ጣል ያድርጉት። እንደሱ አይደለም፣ ሊወድቁ ነው የሚመስለው። ደክሞዎታል፤ ግን ለማንም አይናገሩም። አውቶቡሱም አልመጣም።»

«የምን አውቶቡስ?»

«ዝም ብለው ይጠብቁት።»

ለሦስት ቀን ከሰዓት በኋላውን እሷ ስታለማምደው፣ እሱ ሲለማመድ ቆዩ። ውድድሩ ሄልሜት እንደተደረገ ስለሆነ ተዋናዩ በወንድሙ ስም ተመዝግቦ እንደገና ቀረበ። አቶ መመሪያ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «የተፈጥሮ ተሰጥኦ ማለት ይሄ ነው» አለና አሳለፈው።

የመጀመሪያው ክፍል በታየበት ቅዳሜ ሠዓሊዋ ከስምንት ዓመት ልጇ ጋር ሶፋ ላይ ተቀምጣ አየችው። ካፒቴኑ ደብዳቤውን ይዞ ባዕድ ፕላኔት ላይ አንድ በር ፊት ቆመ።

«እማዬ፣ ይሄኛው ከድሮው ሽማግሌ በጣም ይሻላል» አለች ልጅቷ።

ድራማው እንዳለቀ ስልኩ ጮኸ። ተዋናዩ ነው፤ ልጅሽ ምን አለች ይላል።

«ወደደችዎት» አለችው ሠዓሊዋ። የቀረውን ለራሷ አስቀረችው።