የኦዴል ቦታ

የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ኮከብ ኦዴል ካርቨር ለሌላ ቡድን ይለወጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ቡፋሎ ውስጥ ይህን ጮክ ብሎ መናገር አይመከርም፤ ሒሳቡ ግን ግልጽ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፣ የቡድኑን ደመወዝ ሲሶ ብቻውን ይወስዳል፣ ከሱ ጋር በየዓመቱ የዋንጫው ውድድር ሁለተኛ ዙር ላይ እንወድቃለን። ሥራዬ የጨዋታ ቁጥሮችን መተንተን ነውና ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ለፕሩሳክ በአንድ ገጽ አስረዳሁት። አንብቦ ሲጨርስ፣

"ዶክተርዬ፣ የከተማው ሰው ቤቴን ካቃጠለው ያንቺ ሶፋ ላይ ነው የምተኛው" አለኝ። ዶክተር አይደለሁም። ስሜ ጆዲ ነው፤ ያለኝም የማስተርስ ዲግሪ ነው።

ፈረመ። ኦዴል ወደ ሳንዲያጎ ሄደ፤ በምትኩ ሁለት ወጣት ተጫዋቾች አገኘን።

ከዚያ ማሸነፍ ጀመርን። ከጠበቅሁት በላይ አሸነፍን፤ ያስጨነቀኝም ይኸው ነው። ትክክል መሆን ደስ ይለኛል። ከልክ በላይ ትክክል ስሆን ግን የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው።

የሜዳው ጣራ ላይ የተሰቀሉት ካሜራዎች እያንዳንዱን ተጫዋች እንደ ነጥብ አድርገው ያሳዩናል። ቁጭ ብዬ ነጥቦቹን ተከታተልኩ። ከቅርጫቱ በስተግራ ኦዴል ለዘጠኝ ዓመት ቆሞ ኳስ ይቀበልባት የነበረች ቦታ አለች። የኛ ልጆች አይረግጧትም፤ ዙሪያዋን ይዞራሉ። ልማድ ነው አልኩ። ቀጥሎ ተጋጣሚዎቻችንን አየሁ። በያንዳንዱ ጥቃት አንድ ተከላካይ የሚይዘውን ሰው ትቶ እዚያች ቦታ ይሄዳል፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይከላከላል። የሚከላከለው ሰው ግን የለም። ስለዚህ አምስቱ ልጆቻችን የሚገጥሙት አራት ሰው ነው። የድላችን ምክንያት ይህ ነበር።

አንድ ጨዋታ ላይ አቀባያችን ታይሪስ ኳሷን ወደዚያች ባዶ ቦታ ወረወራት። ተመልካቾቹ መሃል መውደቅ ነበረባት። ስክሪኑ ላይ ግን ቆመች፤ አንድ ሰው ይዞ የሚያስብበትን ያህል ጊዜ ቆመች። ከዚያ አቅጣጫ ቀይራ ጥግ ላይ ለነበረው ልጃችን ደረሰች፤ እሱም አገባ። ባለሙያዎች አስመጥቼ ካሜራዎቹን አስፈተሽኩ። ምንም አልሆኑም።

ታይሪስን ልምምድ ላይ ያዝኩት። "ለማን ነበር ያቀበልከው?"

"ለትልቁ ነዋ" አለ፤ ልጆቹ ኦዴልን የሚጠሩት እንዲህ ነበር። ከዚያ ፈገግታው ደበዘዘ። "ማን አልኩ? አቦ ጆዲ፣ ገብታ የለ እንዴ! ምን ትፈልጊያለሽ፣ ደረሰኝ?"

ለፕሩሳክ ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። ተነስቶ በሩን ዘጋ። "ለሌላ ሰው ነግረሻል?"

"ለማንም።"

"እንዳትነግሪ።"

የሳንዲያጎን ጨዋታዎች ማየት የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ኦዴልን ማንም አይከላከለውም። ማንም አያቀብለውም። እጆቹን ከፍቶ ይቆማል፤ ኳሷ በአጠገቡ ታልፋለች። የቴሌቪዥኑ አስተላላፊ ጨዋታው እስኪያልቅ ስሙን አይጠራም። ጋዜጦቹ አበቃለት ብለው ጻፉ።

በየካቲት ሳንዲያጎ ወደኛ መጣ። በዚህ አገር አንድ ወዳጅ ተጫዋች ከተለወጠ በኋላ መጀመሪያ ሲመለስ፣ አሠልጣኝ ከሚጠይቃቸው አጫጭር እረፍቶች በአንዱ ትልቁ ስክሪን ላይ የድሮ ጨዋታዎቹ ፊልም ይታያል። ሰው ተነስቶ ያጨበጭባል፣ እሱ እጁን ያነሳል፣ በቃ፣ ተሸኘ። ፊልሙን የሚያዘጋጀው የኔ ክፍል ነው።

"ፊልም የለም" አለኝ ፕሩሳክ።

"ሰው እኮ ይጠብቃል።"

"ሰው ቢራውን ይጠጣ። ራስሽ አይደለሽ የነገርሽኝ? ሰውዬውን ከሸኘነው ቦታውም አብሮት ይሄዳል። ከዛ ምን ይቀረናል? ያንቺ ወረቀት!"

ይህኛው ነካኝ። ፊልሙ ታይቶ መሸነፍ ከጀመርን፣ የጠቀመን ልውውጡ አልነበረም ማለት ነው።

የጨዋታው ቀን ጠዋት በረዶ ይጥል ነበር። ኦዴል በሠራተኞች መግቢያ ላይ፣ በራሱ ከሚከፈተው የመስታወት በር ውጭ ቆሞ አየሁት። በሩ አልተከፈተም። እኔ ስጠጋ ተከፈተ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "የኔ ጀግና" እያለ ሲቀበለው የኖረው ጥበቃ ቀና ብሎ፣ "ማን ልበል?" አለው።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። "አንቺ ነሽ አይደል የሸጥሽኝ?"

"እኔ ነኝ።"

"ጎሽ። ሌላው ሁሉ 'ከላይ የመጣ ነው' ነው የሚለኝ።" በረዶውን ከትከሻው አራገፈ። "በሩን አየሽው? የሱፐርማርኬቱም እንደዛው ነው። ጋሪ የሚገፋ ሰው ከኋላዬ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። እሱስ ያስቃል። ልጄ ግን ደጋግሜ ካልጠራኋት አትሰማኝም።"

"ሐኪም ጋ ሄድክ?"

"ሄድኩ እንጂ። ጤነኛ ነህ አለኝ፤ ቀና ብሎ ሳያየኝ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ የሆነ ነገሬ እዚህ ቀርቷል። ማታ ፊልሙን ታሳዩልኛላችሁ አይደል? ሰው ይነሳልኝ፣ እጄን ላንሳና ይዤው ልሂድ።"

"አያለሁ" አልኩት።

በመጀመሪያው እረፍት አላሳየሁትም። ፕሩሳክን ፈርቼ አይደለም። ወረቀቴ ብቻውን ያሸንፍ እንደሆነ ማወቅ አልፈለግሁም።

ከዚያ ሦስተኛው ሩብ ላይ ኦዴል እኛን ለመከላከል ተመለሰ። የሚይዘውን ልጅ ትቶ ወደዚያች ቦታ ሄደ። እጆቹን ዘርግቶ ባዶውን ፊት ለፊት ገጠመው። ባዶው ወደ ግራ ሲል አብሮ ወደ ግራ አለ፤ የራሱን ማታለያ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ታይሪስ ኳሷን ወደዚያ ወረወረ። ኦዴል ደረቱን የተገፋ ያህል በጀርባው ወደቀ። ተመልካቹ ሳቀ። ማን እንደወደቀ የጠየቀ የለም።

እኔ ተመልካቾቹ መሃል የስክሪኑ መቆጣጠሪያ ጋ ተቀምጫለሁ፤ እሱ ወለሉ ላይ እንዳለ ወደኔ ቀና አለ። አሠልጣኛቸው እረፍት ጠየቀ። ፊልሙን ለቀቅሁት።

መብራቱ ደበዘዘ፣ ስሙ ተጠራ፣ ሰው ሁሉ ተነሳ። የመረጥኩት ምርጥ ግቦቹን ነበር። ስክሪኑ ላይ ኳሷ ከባዶ ቦታ ብቻዋን ተነስታ ቅርጫት ውስጥ ገባች። ደግሞ ሌላ፤ ደግሞ ሌላ። ልጆቻችን እየዘለሉ መሃላቸው ያለውን አየር ሲያቅፉ ታዩ። ታይሪስ የሌለ ሰው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ይስቃል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች ታጨበጭብ ነበር። ኦዴል እጁን ገና ግማሽ እንዳነሳ ቆሞ እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ እጁን አወረደ።

በሰፊ ልዩነት አሸነፍን።

ፕሩሳክ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ፊቱ ግን በርቷል። "እልኸኛ! ይሁን፣ ምንም አላጎደለብንም። ዘንድሮ ዋንጫ ነው፣ ዶክተርዬ።" ጠጋ አለኝ። "ስሚ፣ የታይሪስ ውል መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ለምን?"

"ብዙ ጊዜ የሚቆመው የት ጋ ነው?"

አውቀው ነበር፤ ቀኝ ጥግ። ትቼው ወደ መውጫው ሄድኩ፤ ስክሪኑን ከፍቶ ሊያየው እንደሚችል ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

በኮሪደሩ ጫፍ ኦዴል ቦርሳውን ይዞ በተዘጋው የመስታወት በር ፊት ቆሟል። ጓደኞቹ ቀድመውት ወጥተዋል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ፤ በሩ ተከፈተ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር። ኦዴል እየሮጠ ጎኑን በመዳፉ ደበደበው፤ አልቆመም። በረዶው ውስጥ ሮጬ አውቶቡሱ ፊት ተደነቀርኩ።

ሹፌሩ ፍሬን ያዘና በሩን ከፈተ። "አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?"

"አንድ ሰው ቀርቷችኋል።"

"ማንም አልቀረም፤ ሁሉም ገብተዋል።"

ኦዴል ጎንበስ ብሎ በአጠገቡ አለፈ፤ ደረጃውን ወጣ፤ ወደ ኋላ ሄደ። ሹፌሩ በሩን እንደከፈተ ወደ ጨለማው አፍጥጦ ጠበቀ።

"ታዲያ የታለ?" አለኝ።