ጠባቂ የማይሻ ድስት

ስለ ድስት ብላ እንቅልፍ የምታጣ ሴት ሲንቄ ትሆናለች ብሎ የገመተ ሰው አምቦ ውስጥ አልነበረም። አስተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የቀበሌ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ስትወጣ መሠረተ ትምህርት፣ እንዲያው ስትራወጥ ውላ ማታ ያገኘችውን ቀምሳ የምትተኛ ሴት ነበረች። አባቷ ኦቦ ጂራ ጎናቸው ሰንፎ ቤቷ ከተኙ ወዲህ ግን ሐሳቧ ሁሉ ምድጃ ላይ ሆነ።

ሰውዬው የደንዲ ገበሬ ናቸው። መንደር ምሥረታ መጣና የኖሩበትን ቤት በገዛ እጃቸው አፍርሰው፣ ቆርቆሮውን ተሸክመው ሜዳ ላይ ውረዱ ተባሉ፤ ወረዱም። በዓመቱ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። ሲንቄ ሄዳ በጭነት መኪና ጋቢና አስቀምጣ አመጣቻቸው። ጥርስ የላቸው፣ ያለ ደጋፊ ከአልጋ አይወርዱ። ሐኪሙም «ሥጋ ይሁን ባቄላ፣ ማኘክ እስከማያስፈልገው ድረስ ይብሰል፤ አለዚያ ትን ይላቸዋል» አላት። እንዲያ የሚበስል ነገር ግማሽ ቀን ከሰል ላይ ይውላል። ከሰል ደግሞ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይሞታል፣ ውሃውም ያልቃል፤ ሰው አጠገቡ ይፈልጋል። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ሰው ከየት ታምጣ?

አስካለች ባትኖር ጉዷ ይፈላ ነበር። አስካለች ከአንድ ጭቃ ግድግዳ ወዲያ የምትኖር፣ በዕድሜ ከሲንቄ ጠና ያለች፣ አንድ ልጇ ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው የጠፋባት ሴት ናት። «አንቺ ሂጂ አስተምሪ፤ ድስቱን እኔ አየዋለሁ» አለቻት አንድ ቀን፤ ልማድ ሆኖ ቀረ። ጠዋት ሲንቄ ቅልጥሙን ጥዳ ትወጣለች። አስካለች ጥጧንና እንዝርቷን ይዛ ትገባለች፣ ከሰሉን ታራግባለች፣ ውሃ ትጨምራለች፣ ታማስላለች። ሲንቄ ስትመለስ ምግቡ ደርሶ ይቆያታል።

ታዲያ ይህ ደግነት ሲንቄን ከበዳት። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ የያዘው ሰው ያውቀዋል። ሳሙና ብትሰጣት አስካለች አትቀበል፤ ከቀበሌ ሱቅ ያገኘችውን ስኳር ብታካፍላት ማታውኑ መልሳ ታመጣዋለች። «ምን በወጣት ነው የእኔን ድስት ስትጠብቅ የምትውለው?» እያለች ሲንቄ ትብሰለሰላለች። ምስጋናው አልቆባት፣ ሴትዮዋን መንገድ ላይ ስታያት እንኳ መሸማቀቅ ጀመረች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የማረር ሽታ ከአጥሩ ውጪ ተቀበላት። በሩን ስትከፍተው ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኗል። አስካለች ድስቱን አውርዳ በማማሰያ ትፍቃለች፤ ኦቦ ጂራ አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለው በሳቅ ይንፈቀፈቃሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ በኦሮምኛ። «የሆርዶፋን በሬ ታሪክ ስነግራት ነው ያረረባት።»

አስካለችም የደንዲ ጎረቤት የሆነችው የጊንጪ ልጅ ናት፤ የደንዲን ሐይቅም በሬውንም ሆርዶፋንም ታውቃለች። ሲንቄ ግን የሆርዶፋ በሬ ምን እንዳደረገ ሰምታ አታውቅም። አባቷ ሲስቁ ያየችው መቼ እንደሆነም አታስታውስ። ከእሷ ጋር ንግግራቸው «በላሁ»፣ «ጠገብኩ»፣ «ተባረኪ» ነው፤ እሷም ደክሟት ስለምትመጣ ከዚያ አልፋ አትጠይቅም። ቅናት ያዛት። እሷ ግን ለሥጋው ብላ ማለዳ ተሰልፋ ነበርና ንዴት ነው ብላ ወሰደችው።

«ግድ የለም፣ እትዬ አስካለች፣ ግድ የለም» አለች። ፊቷ ግን ግድ እንዳላት ይናገር ነበር፤ አስካለችም አየችው።

በዚያው ሰሞን ነው ዩሱፍ ሱቅ ውስጥ ያንን ዕቃ ያየችው። ዩሱፍ ገበያው ዳር ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ የቤት ዕቃዋን ጠቅልሎ ገዝቶ ነበር። ድስቱ ከውጪ ብረት፣ ከውስጥ ሸክላ፣ ክዳኑ መስታወት ነው፤ ከጎኑ የመብራት ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ እንደ ምድጃ አይንደቀደቅም፣ ቲቸር» አላት። «ጠዋት ትከቺና ሰክተሽው ትሄጃለሽ። ቀስ እያለ ሲያበስል ይውላል። አያርርም፣ አይገነፍልም፣ ጠባቂ አይሻም።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«መብራት ሲጠፋ ሁላችንም የምናደርገውን ያደርጋል፤ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

ሚስቱ ቀድሪያ ከመደርደሪያው ወዲያ ሆና ሳቀች። «እኔስ አልወደድኩትም። ድምፅ የማይሰማበት ድስት ምኑ ድስት ነው? ቤት ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም።»

«አንቺ ደግሞ ገበያዬን አታበላሺ» አላትና ወደ ሲንቄ ዞረ። «ውሰጂውና ሞክሪው። ከተስማማሽ ያንቺ ነው፤ ካልተስማማሽ መልሺልኝ።»

ሲንቄ ድስቱን ይዛ መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። መብራት ይበላ ይሆን? ሸክላው ቢሰነጠቅ ማን ያበጀዋል? ለአንዲት ሴትና ለአንድ ሽማግሌ ይህ ቅብጠት አይደለም ወይ? ሚዛኑን የደፋው ግን «ጠባቂ አይሻም» የሚለው ቃል ነበር። አስካለችን ነጻ ማውጣት ፈለገች፤ ራሷንም ከአስካለች ውለታ።

በማግሥቱ ጠዋት አስካለች እንዝርቷን ይዛ ስትመጣ ሲንቄ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ከዛሬ ወዲያ አላስቸግርሽም፣ እትዬ አስካለች። ብቻውን የሚያበስል ዕቃ አግኝቻለሁ። በቃ፣ አንቺም ዕረፊ።»

«ብቻውን?» አለች አስካለች። ጥቂት ቆማ ድስቱን በበሩ በኩል አየችው። «እንኳን ቀለለልሽ» አለችና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሲንቄ ትልቅ ዕዳ እንደወረደላት ሰው ቀልሏት ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። አስካለች ግን ያረረውን ድስት አስባ፣ በጨዋ ደንብ የተባረረች መስሏት ነበር። ይህን ሲንቄ ያወቀችው ኋላ ነው፤ ማወቅ በማይጠቅምበት ሰዓት።

ድስቱስ እንደተባለለት ሆነ። ሥጋው አጥንቱን ለቆ፣ ባቄላው ገንፎ መስሎ፣ መረቁ ወፍሮ ጠበቃት። ለአባቷ በማንኪያ አጎረሰቻቸው።

«ይጥማል» አሉ። ቆየት ብለው «አስካለች አሟታል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ደህና ናት። አሳርፌያት ነው፤ ይሄኛው ሰው አይፈልግም።»

ኦቦ ጂራ ዕቃውን ከአልጋቸው ሆነው አዩት። «ሰው አይፈልግም» አሉ፣ ቃሉን ለራሳቸው የሚያስረዱ ይመስል። ከዚያ በኋላ ብዙም አልበሉም።

በሚቀጥለው ቀን «ዛሬስ አላረረም?» አሏት። «አላረረም» አለች ኮራ ብላ። በሌላው ቀን ደግሞ «እንዲህ ያለ ዕቃ ቶሎ አይበላሽም?» ብለው ጠየቁ። ነርሷ ለዓመታት ስትሠራበት ኖራለች ስትላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሳህኑ ግማሹ እየተረፈ ይመለስ ጀመር። ሲንቄ ሕመሙ ነው ብላ ሥጋውን አበዛችው፤ የሚጎድላቸው ሥጋ ይመስል።

እሳቸውም አንደበታቸው አልተፈታም። የጎረቤት ሴት ጥሪልኝ ማለት ለእንደሳቸው ያለ ሰው ነውር ነው። ልጃቸው ለፍታ የምታመጣውን አልስማማህ አለኝ ማለትም ነውር ነው። ይሉኝታውን ለሲንቄ ያወረሷት እሳቸው ናቸውና ዝም አሉ። የሚያወራቸው የለ፣ እሳት የሚያራግብ የለ፤ ክዳኑ ላይ ላቦት ሲወርድ እያዩ ይውላሉ።

ሲንቄ በመጨረሻ ቆረጠች። አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ወጥታ በዩሱፍ ሱቅ በኩል ዞረች። «ድስቱን ወስጄዋለሁ» አለችው። ዩሱፍ ደስ አለው።

«አባትሽ ወደዱት?» ስትል ቀድሪያ ጠየቀቻት።

ሲንቄ ለመውጣት ዞረች። «ይበላሉ» አለች።

ቤቷ ደርሳ በሩን ስትከፍት የምግብ ሽታ የለም። መብራት ጠፍቷል እንዳትል የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ውጪ እየለፈለፈ ነው። ኦቦ ጂራ አልጋው ላይ አልነበሩም። በአልጋውና በግድግዳው መካከል መሬት ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ደህነኛው እጃቸው ወደ ፊት ተዘርግቶ ከሶኬቱ የተነቀለውን ገመድ ጨብጧል። ድስቱ ቀዝቅዟል። ውስጡ ያለው ሥጋ ደሙ እንኳ አልለቀቀም፤ እሷ ጠዋት እንደወጣች የተነቀለ ነበር። አባቷም ቀዝቅዘዋል።

ጩኸቷን ሰምታ መጀመሪያ የደረሰችው አስካለች ናት። አስከሬኑን አብረው አቃኑ፣ ዓይናቸውን የከደነችው አስካለች ነበረች።

ሰፈሩ ኤሌክትሪክ ይዟቸው ነው ብሎ አወራ። ሐኪሙ መጥቶ አይቶ ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ያው ሕመማቸው ነው፣ ሲወርዱ ተነሥቶባቸዋል አለ። ሲንቄ ሁለቱንም ሰማች፤ ለምን ወረዱ ለሚለው ግን ማንም መልስ አልሰጣትም። ከተቀበሩ በኋላ ዩሱፍና ቀድሪያ ለቅሶ ደርሰው ሲወጡ፣ ዩሱፍ ድስቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። «ወስጄዋለሁ» ያለችውን አላነሣባትም።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል አስካለች ከጎኗ መጥታ ተቀመጠች። ከቀብሩ ጀምሮ እንባዋን ያየው ሰው አልነበረም፤ ፊቷ ደርቆ ነበር።

«ያን ቀን በእኔ በኩል ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ነበር» አለች። «እዚያ ነበር የምፈትለው። ሲያስሉ እሰማቸዋለሁ፤ ካሳሉ ደህና ናቸው እላለሁ። ጠዋት አንቺ እንደወጣሽ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ብድግ አልኩ። ከዚያ፣ ሳልጠራ ዘው ብዬ ብገባ ምን ትለኛለች ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ፣ ሲንቄ።»

ሲንቄ እጇን ያዘቻት።

«አንድ ጊዜ እሳቱን ሳራግብ አታራግቢው አሉኝ» አለች አስካለች። «ወጡ ቶሎ ሲደርስ ቶሎ ትሄጃለሽ አሉኝ። እኔ ሳቅሁባቸው።»

ያኔ ለሲንቄ ሁሉም ነገር ገባት። አባቷ ያለ ደጋፊ የማይወርዱበትን አልጋ ወርደው፣ አልታዘዝ ያለ እግራቸውን ጎትተው፣ ያንን ገመድ የነቀሉት ሥጋው ጥሬ እንዲሆን ነው። ጥሬ ከሆነ ዕቃው ተበላሸ ትላለች፤ ተበላሸ ካለች ትመልሰዋለች፤ ከመለሰችው ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ አስካለችም ትመጣለች። በአፋቸው ሊጠይቁ ያፈሩትን በእጃቸው ሊያደርጉት ወረዱ። 

ይህን ለአስካለች ብትነግራት ሴትዮዋ ዕድሜ ልኳን ያንን የመውደቅ ድምፅ ስትሰማ እንደምትኖር አወቀች።

«ጠዋት ስትወጪ ምን አሉሽ?» ስትል አስካለች ጠየቀች። «የመጨረሻ ቃላቸው ምን ነበር?»

ኦቦ ጂራ ያን ጠዋት ምንም አላሉም ነበር። ሲንቄ ደህና ይዋሉ ስትላቸው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁላት፤ እሷም ቸኩላ ወጣች።

«አስካለችን ጥሪልኝ አሉኝ» አለች ሲንቄ።

አስካለች ቀና አለች። «እኔን?»

«አንቺን። ጥሪልኝ አሉኝ፤ እኔ እሺ ብዬ፣ ደወል እንዳያመልጠኝ ስሮጥ ረስቼው ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ አስካለች። አንቺማ አልተጠራሽም።»

አስካለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ሲንቄ ተጠግታ አቀፈቻት፤ ወደ ውስጥ የሚገቡት ለቀስተኞች ሁለቱን ሲያዩ እህትማማች መስለዋቸው፣ ለሁለቱም እኩል አጎንብሰው እግዜር ያጥናችሁ አሉ።