የክሌም ቢጫ ቁልፎች

ዱልሲ ከባሏ ከክሌም ሲጋራ ጋር ዕድሜ ልኳን ተጣልታለች፤ ያሸነፈችበትን ቀን ግን አታስታውስም። ክሌም ፒያኖው ላይ በተቀመጠ ቁጥር ሲጋራው ከከንፈሩ አይወርድም ነበርና፣ የዝሆን ጥርስ የለበሱት ቁልፎች እንደ አሮጌ ቅቤ ቢጫ ሆነው ቀሩ። አሁን ማስታወስ ተስኖት ጊምፒ ከተማ ዳር ያለው የአረጋውያን ቤት ገብቷል። ከገባ ወዲህ አንድም ዜማ አልተጫወተም። አስተዳዳሪዋ ፒያኖውን እቀበላለሁ ብላለች፣ የትንባሆው እድፍና ሽታ ከለቀቀ ብቻ። ዱልሲ ደግሞ አንዴ እንኳ ሲጫወት ካልሰማችው እንቅልፍ የላትም።

የባሏ እህት ኖሪን ማንም ሳይጠራት ቅርጫቷን አንጠልጥላ ከች አለች።

«በረኪና አምጥቻለሁ፤ ሎሚም አለ።»

«ይበላዋል እኮ፣ ኖሪን! ሁለቱም ይበሉታል!»

«የዝሆን ጥርስ አይደል? በጥርስ ሳሙና ፈግፍጊዋ!»

«ይቧጭረዋል።»

«የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውስ፣ አሴቶን?»

«የጥቁሮቹን ቁልፎች ቀለም ሊያነሳ? ቫርኒሹን ሊልጥ? አንቺ ሴትዮ፣ ፒያኖውን ልታጸጂ ነው ወይስ ልትቀብሪ የመጣሽው?»

«ታዲያ በውሃ ዘፍዝፊው!»

ዱልሲ ራሷን ያዘች። የዝሆን ጥርስ ውሃ ከጠጣ ይጣመማል፤ ሙጫውም ይለቃል። ፒያኖ የሚቃኘው ሰውዬ ይህን በስልክ ነግሯታል፤ እሷም ጠዋቱን ሙሉ ለኖሪን ስትደጋግም አርፍዳለች። ኖሪን ግን በአንድ ጆሮዋ የገባው በሌላው የሚወጣ ፍጡር ናት።

በመጨረሻ ዱልሲ በረኪናውን ነጥቃ በረንዳ ላይ አስቀመጠችና ነጭ ጨርቅ በስፒሪት ነካ አደረገች። መጀመሪያ ማንም በማይነካው በግራ ጫፍ ቁልፍ ላይ ሞከረች። ቡናማ እድፍ ጨርቁ ላይ ወጣ፤ ቁልፉ ነጣ እንጂ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጥቁሮቹንና ቫርኒሹን ሳታስነካ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ እያበሰች፣ አንድ በአንድ ቀጠለች። ወገቧ ተቆረጠ።

«አጫሹ አንተ፣ ፈግፋጊዋ እኔ!» አለች፣ ክሌም አጠገቧ ያለ ይመስል።

በሳምንቱ ፒያኖው የአረጋውያኑ አዳራሽ ገባ። ክሌምን ፒያኖው ፊት አስቀመጡት። እጆቹን ግን ከጉልበቱ ላይ አላነሳም።

«ምነው?» አለችው ዱልሲ።

«የሰው ዕቃ ነው። የኔ ቢጫ ነው።»

ደሟ ፈላ። «አንተ ሰውዬ! ወገቤ እስኪበጠስ የወለወልኩት ለጌጥ መሰለህ? አሁኑኑ ትጫወታለህ ወይስ ፈልጬ ማገዶ ላድርገው?»

ክሌም ደንገጥ ብሎ እጆቹን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መንደሩን ያስጨፍርበት የነበረው የቫልስ ዳንስ ዜማ ተንቆረቆረ። ዱልሲ አፏን በእጇ ያዘች። እሱም ሳያቋርጥ ቀና ብሎ አያትና በትሕትና ፈገግ አለ።

«ይቅርታ እመቤቴ፣» አላት፣ «ሲቆጡ ቁርጥ ባለቤቴን ነው የሚመስሉት።»