የማመሳከሪያው ዓይን

ለኪው በየማለዳው ሥራ የሚጀምረው አገጩን የዓይን መለኪያ መሣሪያው ላይ አስደግፎ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በቺፕ ፋብሪካ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠኑ የሴሚኮንዳክተር ንጣፎችን ውፍረት በብርሃን ሲለካ ኖሯል። በዚያው ዘዴ ከዓይን ጀርባ ያለውን የነርቭ ንጣፍ መለካት ይቻል እንደሆነ የጠየቀችው የዓይን ሐኪም የሆነችው ታላቅ እህቱ ናት። የመሣሪያውን መብራት የሠራላቸው ደግሞ አንድ የፕላዝማ ተመራማሪ ነው። ሰውየው ጋዝን በኤሌክትሪክ አግሎ ሲያበራ ስለሚውል፣ ሲናደድም ቶሎ ስለሚጮኽ፣ መብረቅ ይሉታል።

የለኪዎች ደንብ ቀላል ነው፤ ሌላውን ከመለካትህ በፊት ልኩን የምታውቀውን ለካ። ለማመሳከሪያ ልኩ የሚታወቅ ዓይን ሲፈለግ እህቱ የእሱን ግራ ዓይን መረጠች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለምታውቀው፣ እንከን የለውም አለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ደብተሩን እያየች፣ ጫማውን እየገዛች ያሳደገችው እሷ ናት። እሷ የለውም ካለች የለውም።

በሁለተኛው ወር የዓይኑ የጠዋት ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ይወርድ ጀመር። ዓይኑ ጤነኛ ነው ተብሏልና ጥፋቱ የመሣሪያው ሆነ። ለኪው የጎደለውን ያህል በቁጥሩ ላይ የሚደምር ማረሚያ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ፤ በየወሩም ከፍ አደረገው። ያው ማረሚያ ሦስቱ በያዙት ጥናት ውስጥ ላሉት አርባ ታካሚዎችም ይደመርላቸው ነበር። መብረቅንም መብራትህ አርጅቷል እያሉ ሲያበሽቁት ከረሙ፤ እሱ ደግሞ ከእናንተ በፊት አያረጅም እያለ ይመልሳል።

የጥናቱ ጽሑፍ ለሳይንስ መጽሔት ሊላክ አራት ቀን ሲቀረው መብረቅ መብራቱን ሊያጸዳ መጣ። ለኪው እንደልማዱ፣ ሽማግሌው መብራትህ ዛሬ እንዴት አደረ ብሎ ነካካው።

መብረቅ ካቻቪቴውን አስቀመጠ። «አንተ ሰውዬ፣ አይሰለችህም? ወረቀቱን ለእህትህ ከሰጠኋት እኮ አራት ወር አለፈ።»

የምን ወረቀት እንደሆነ ጠየቀው። መብረቅ ስድቡ ሲበዛበት ውፍረቷ የማይለወጥ ትንሽ መስታወት አምጥቶ፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ በዚያው መብራት ሲለካት እንደነበር ነገረው። የመስታወቷ ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ሐኪሟም ወረቀቱን አንብባ አመስግናዋለች፤ እኔ እነግረዋለሁ፣ አንተ ተወው ብላዋለች።

«የነገረችህ መስሎኝ» አለ መብረቅ፣ ድምፁን ያለወትሮው ዝቅ አድርጎ።

ለኪው ለማስላት ጊዜ አልፈጀበትም። መስታወቷ ካልተለወጠች መብራቱ ደህና ነው። መብራቱ ደህና ከሆነ የሳሳው ዓይኑ ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ማረሚያውን ሰረዘው፤ ከአርባዎቹ ስድስቱ የበሽታ ምልክት ከሆነው ቀይ መስመር በታች ወረዱ። ከዚያ ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ግራውን የስክሪኑ መሐል ላይ ተከለ። ከታች ጥግ ያለው ሰዓት አልታየውም።

እህቱ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። አልካደችም። የዓይንን ነርቭ የሚያሳሳው ግላኮማ መሆኑን፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት መሆኑን፣ ማመሳከሪያው ታሟል ከተባለ ግን የሁሉም ልፋት ገደል እንደሚገባ ነገረችው። ጽሑፉ እስኪያልፍ ብቻ ነበር ያሰበችው፤ ከዚያ የዓይን ጠብታውን ራሷ ልትጀምርለት።

«እትዬ፣ የሄደው ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

«አራት ወር ሙሉ አገጬን እያስተካከልሽ፣ እንዴት አደርክ ስትዪኝ ነበር።»

ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ወረቀቶች አስተካከለች። «ለራሴ ብቻ መሰለህ? ያንተም ስም አለበት እኮ።»

«ስሜን አውጪው።»

ስድስቱን ታካሚዎች ሰኞ እንደምትጠራቸው ቃል ገባች። እሱ ግን ዝርዝራቸውን ለክሊኒኩ ነርስ ሰጥቷት እንደመጣ፣ እሷም አሁን እየደወለች እንደሆነ ነገራት። እህቱ ቀና ብላ አየችው፤ ቃሏን ሳይጠብቅ አንድ ነገር ሲያደርግ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ ሌላ ሐኪም የሚልከው ደብዳቤ እንድትጽፍለት ጠየቃት። እኔ እያለሁ የት ትሄዳለህ አለችው። ቅጹን ሲያቀርብላት ጻፈች። «ለውጡ መጀመሪያ የታየበት ቀን» በሚለው መስመር ላይ የዕለቱን ቀን አስፍራ ወረቀቱን ገፋችለት።

አላነሳውም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከኮሪደሩ የተራ ቁጥር ሲጠራ ይሰማል፤ አንድ ሁለቴ በሩ ተንኳኳ፣ ማንም አልከፈተም። ለኪው የመሣሪያ ቁጥር እስኪረጋ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ሳይቆጣ ሳይቸኩል፣ ወረቀቱን እያየ ጠበቀ።

በመጨረሻ እህቱ ብዕሯን አነሳች። በቀኑ ላይ አንድ መስመር አሰመረችና ከጎኑ ከአራት ወር በፊት የመብረቅን ወረቀት ያነበበችበትን ቀን ጻፈች፤ ስርዝ ነውና ደንቡ እንደሚያዘው አጠገቡ ፈረመች።

«ይህን የሚያነበው ሐኪም እኮ ተማሪዬ ነበር» አለች።

«እንግዲያው የእጅ ጽሑፍሽን ማንበብ አይቸግረውም» አላትና ደብዳቤውን ይዞ ወጣ።