የሊሊ ምዝገባ

እኔ አንድ ቦታ መርጋት የማይሆንልኝ ሴት ነኝ። ሲስተር አምሳለ «ትሩፋት፣ እባክሽ አረፍ በይ» ስትለኝ እንኳ ክፍሏ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እል ነበር። በልጄ በሊሊ ደም ውስጥ ከእኔ የወረሰችው ኤችአይቪ አለ። እሷ የምትሠራበት ክሊኒክ ለጥናት ብሎ በየስድስት ወሩ ደሟን ይወስዳል። ውጤቱን ለእናት መንገር ደንባቸው አይደለም፤ እኔ ግን ነዝንዤ ነዝንዤ ሲስተሯን አሰለቸኋትና ነገረችኝ።

«በሽታ የሚከላከሉት የደም ሴሎች ባለፈው አራት መቶ ነበሩ። አሁን መቶ ሠላሳ ናቸው።»

«ስንት መሆን ነበረባቸው?»

«ከዚህ በጣም የበለጠ።» ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች። «እዚህ ድረስ ከወረዱ ዓመት የሚደፍኑ ልጆች ጥቂት ናቸው። መድኃኒቱ እኛ አገር አልገባም።»

ጊዜው ነሐሴ 1990 ነበር። ሊሊ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ወሬዋ ሁሉ ትምህርት ቤት ነው፤ ከጎረቤት ልጆች የለቀመችውን ፊደል ለእኔ ታስተምረኛለች፣ ስሳሳት ትቆጣኛለች። በመጪው መስከረም የግድ ትገባለች አልኩ። ለእሷ ሌላ ዓመት ከየት አመጣለሁ?

ችግሩ ክንዷ ነው። ትምህርት ቤት የሚመዘገብ ልጅ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ካልነካ «ገና ነው» ይባላል። ሊሊን ደግሞ ያያት ሁሉ የአራት ዓመት ልጅ ናት ይላታል። በየጠዋቱ ክንዷን እየሳብኩ አለማምዳት ጀመር። አንድ ቀን «እማዬ፣ አመመኝ» ስትለኝ ጮህኩባት። ዛሬም ሳስበው ራሴን እጠላለሁ።

በምዝገባው ቀን ላፍቶ፣ ሰፈራችን ካለው ትምህርት ቤት ጭቃ ላይ ተሰለፍን። መዝጋቢው መምህር ሮበሌ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው።

«እስቲ ጆሮሽን ንኪ፣ ሚጢዬ» አሏት። ጣቶቿ ሳይደርሱ ቀሩ። ቀስ ብላ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ማጭበርበር የለም» ብለው ሳቁ። «ገና ናት። ለከርሞ አምጪያት።»

«ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም እናት እንደዚያ ነው የምትለው። ምን አስቸኮለሽ?»

ሊሊ ቀሚሴን ጎተት አደረገች። «ግድ የለም እማዬ፤ ለከርሞ እጄ ይረዝማል» አለች፣ እኔን ልታጽናና።

አላስቻለኝም። ሰው ከሰማ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚሸሸን፣ ከእሷ አጠገብ የሚቀመጥ ልጅ እንደማይኖር አውቃለሁ። ቢሆንም ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። በሽታውንም፣ ቁጥሩንም፣ ሲስተሯ ያለችኝንም።

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሊያስወጡን ነው ብዬ የሊሊን እጅ ያዝኩ። ከኋላችን ያለችው ሴትዮ «ኧረ ቶሎ በሉ፣ ዝናቡ መጣ» አለች።

«ስም?» አሉ መምህር ሮበሌ።

ነገርኳቸው፤ ጻፉ።

«መስከረም ሲጠባ ይዣት ልምጣ?»

ቀና ብለው አላዩኝም። «በክረምት የማስተምራቸው ጥቂት ልጆች አሉ። መስከረምን አትጠብቂ። ነገ ጠዋት ትምጣ።»

ሊሊ በደስታ ዘለለች። መስከረም ሊጠባ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር፤ እሳቸው እስከዚያ እንኳ መድረሷን አላመኑም። ማመስገን ሲገባኝ ልሰድባቸው ምንም አልቀረኝ። የልጄን እጅ እንደያዝኩ ደብተር ልገዛላት በጭቃው ውስጥ መሮጥ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ቀስ በይ» አለችኝ እየሳቀች። «ሱቁ እኮ የትም አይሄድም።»