የእርጥብ ክብሪት የሕይወት ታሪክ

ሰው ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሲመዝን ውሎ ቤቱ ገብቶ ሙዚቃ ቢሰማ ማንን ይጎዳል? ማንንም። ደገፋም የጎዳው ሰው አልነበረም። ጣጣው የመጣው ከሙዚቃው ነው።

ነገሩ የሆነው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሊከበር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ደገፋ ናዝሬት ውስጥ የአንድ ሽንኩርት መጋዘን መዛኝ ነበር። ከዓለም ጤና ከተማ የሚመጣውን ጆንያ ሚዛን ላይ ያወጣል፣ ኪሎውን ይጠራል፣ ያወርዳል። አለቃው ይጮኽበታል፣ ገበሬው ይጮኽበታል፣ ነጋዴው ይጮኽበታል፤ እሱ ዝም ነው። አንድ ቀን የጭነት መኪና ሾፌሩ ኑሬ ከሻሸመኔ ካሴት ይዞለት መጣ። እዚያ ከሰፈሩት ጃማይካውያን አንዱ ከእንግሊዝ አገር ያመጣው ነው።

«ሬጌ መስሎኝ ተቀብዬው ጆሮዬን አደነቆረኝ፤ ላንተ ይሁን» አለው ኑሬ። የካሴቱ ጀርባ ባዶ ስለነበር ኑሬ የእህቱን ሠርግ ቀድቶበታል።

የባንዱ ስም ወደ እኛ ሲመለስ «እርጥብ ክብሪት» ማለት ነው፤ የሚጫወቱት ፓንክ ሮክ የሚሉትን ነው። አሥራ አራት ዘፈን፣ አንዱም ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ ሁሉም ጩኸት። ደገፋ ቃሉ አልገባውም። ግን ሆዱ ውስጥ አምቆ ያኖረውን ሁሉ አራት የማያውቃቸው ፈረንጆች በእሱ ፈንታ የሚጮኹለት መሰለው፤ ወደዳቸው። ከእናቱ ቀጥሎ ወደዳቸው ብል አላጋነንኩም።

ጎረቤት ግን ሌላ ነገር መሰለው። አንድ እሁድ ከሰዓት «ደገፋ ቤት ሰው እየታረደ ነው» ተባለና አብዮት ጥበቃዎች በሩን በርግደው ገቡ። ደገፋ አልጋው ጫፍ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ብቻውን ቁጭ ብሏል። የሚታረድ ሰው ሲያጡ ካሴቱን ወሰዱ። ሽፋኑ ላይ ክብ ውስጥ የገባች የፈረንጅ «ኤ» ነበረች፤ የአናርኪስት ምልክት ናት ተባለ። በዚያ ዘመን አናርኪስት ማለት ስንቱን የበላ ቃል ነው።

ጉዳዩ የቀረበው ለቀበሌው የኪነትና ቅስቀሳ ኮሚቴ ሊቀመንበር ለጓድ ንዋይ ነው። ጓድ ንዋይ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀት የሚወድ ሰው ነበር፤ እሱም አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል።

«እኛ ሙዚቃ አንጠላም» አለው ካሴቱን መሳቢያ ውስጥ እየከተተ። «ግን እነዚህን ሰዎች አናውቃቸውም። እኔም አንተም ቀበሌ ስንገባ የሕይወት ታሪክ አቅርበናል። እነሱም ያቅርቡ። የመደብ አመጣጣቸው፣ የትግል ተሳትፏቸው፣ ሁሉም ይኑርበት። የሚረባ ታሪክ ካላቸው ካሴትህን ትወስዳለህ። ከሌላቸው…»

አልጨረሰውም። መጨረስም አያስፈልገውም ነበር።

ደገፋ ሁለት ሳምንት ተሯሯጠ። መጀመሪያ ካሴቱ ውስጥ ታጥፋ የነበረችውንና ቤቱ የቀረችውን ብጣሽ ወረቀት በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው ተረጎማት። ቀጥሎ ኑሬን ሻሸመኔ ሲወርድ ጃማይካዊውን እንዲጠይቅለት ለመነው። ኑሬም ጠየቀ፤ የሰማውን ምሳ እየበላ ነገረው። ሁለቱንም ደጋግሞ ሲያያቸው ግን እንኳን ካሴት ሊያስመልሱ ሰው የሚያሳስሩ ሆነው አገኛቸው። ስለዚህ ሦስተኛ የሕይወት ታሪክ ከራሱ አወጣ። ለጥንቃቄም፣ ኋላ «ደብቀሃል» እንዳይባል፣ ሦስቱንም ይዞ ስብሰባው ላይ ቀረበ። አወይ ጥንቃቄ!

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው። ደገፋ ቆሞ የመጀመሪያውን አነበበ።

«አራቱም ከትምህርት ቤት የተባረሩ ናቸው። ጊታር በደንብ መምታት የሚችል ከመካከላቸው የለም። ከሦስት አዳራሾች ተባረዋል። ይህን ካሴት የቀዱት በአንድ ከሰዓት ነው።»

«ሌላስ?» አለ ጓድ ንዋይ።

«በቃ። አራት መስመር ነው።»

«ይሄ የክስ ቻርጅ እንጂ የሕይወት ታሪክ አይደለም። ቀጥል።»

ሁለተኛውን፣ የጃማይካዊውን፣ ቀጠለ። ልጆቹ ባለቤት በሌለው ቤት እንደሚኖሩ፣ ጸጉራቸው እንደ ጃርት እሾህ የሚቆመው ስኳር በውሃ በጥብጠው ስለሚቀቡ እንደሆነ አነበበ። የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ ወይዘሮ ሸዋወርቅ እዚህ ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። የቀበሌውን ሱቅ ስኳር የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ስኳር ነው ያልከው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ራሳቸው ላይ?»

«እንደዚያ ነው የተባለው፣ እትዬ።»

«ለመሆኑ ቀበሌያቸው በወር ስንት ኪሎ ቢሰጣቸው ነው?»

ደገፋ አላውቅም አለ። ኮሚቴው ግማሽ ሰዓት በዚሁ ላይ ተወያየ። አንዱ ስኳሩ ከሰፊው ሕዝብ አፍ የተነጠቀ ነው አለ፤ ሌላው የለም፣ የራሳቸውን ድርሻ ከሻይ ቆጥበው ከሆነ የሚደነቅ ነው አለ። ሳይስማሙ ወደ ሦስተኛው ታለፈ።

ሦስተኛው ዘጠኝ ገጽ ነው። አራቱም የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ልጆች ናቸው። እናቶቻቸው የሰው ልብስ እያጠቡ አሳደጓቸው። የዘፋኙ አያት ደግሞ በሥራ ማቆም አድማ ቀን የማዕድን ማውጫው በር ላይ በጥይት ተመትቶ ወደቀ፤ ሲሞት የልጅ ልጁን እጅ ይዞ ነበር። አንዱ የኮሚቴ አባል አፍንጫውን ጠረገ።

«መሠረተ ትምህርት ላይስ ዘምተዋል?» ሲል ጠየቀ ያው ሰው።

«ዘምተዋል» አለ ደገፋ።

«ችግኝስ?»

«ተክለዋል።»

ይጨመር ተባለ። ደገፋ እዚያው ቁጭ ብሎ ጨመረ፤ አሥራ አንድ ገጽ ሆነ።

«እኔ የመጀመሪያዋን ነው የምመርጥ» አሉ ወይዘሮ ሸዋወርቅ በመጨረሻ። «አጭር ናት፣ እውነትም ትመስላለች። ከትምህርት ቤት የተባረረ ልጅ እኔም ወልጃለሁ፤ ያው ሰው ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።»

ጓድ ንዋይ ግራ ቀኙን አየና ወደ ደገፋ ዞረ። «ሦስት ታሪክ አይመዘገብም። ሰዎቹን የምታውቃቸው አንተ ነህ፤ የቱ ነው የሚመጥናቸው?»

ደገፋ አሰበ። እርጥብ ክብሪቶች ያን አሥራ አንድ ገጽ ቢያዩት ምራቃቸውን እንደሚተፉበት ያውቃል። አራቷ መስመር እነሱን ራሳቸውን ትመስላለች። ግን ፈራ። እውነቱን እናውራ ከተባለ ደግሞ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ደክሞበታል፣ ጽሑፉም አምሮለታል፤ በተለይ አያትየውን ወዶታል።

«ሦስተኛው» አለ።

አራት ድጋፍ፣ አንድ ድምፀ ተዓቅቦ። ጓድ ንዋይ ደስታው ልክ አጣ፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ወረቀት ላይ መቅረት የለበትም፣ በድምፅ ተቀድቶ አውራጃው ይስማው አለ። ቴፕ መጣ፣ ማይክራፎን ተደቀነ። ደገፋ ሃያ ስድስት ደቂቃ ሙሉ፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ አነበበ። ያን ያህል ጊዜ ሰው ዝም ብሎ ሰምቶት አያውቅም ነበር። ሲጨርስ ተጨበጨበለት።

በሳምንቱ ካሴቱ ተመለሰለት፤ ማኅተም ተመትቶበታል። እየሮጠ ቤቱ ገባ። ቴፑ ውስጥ ከተተው፣ ድምፁን ጨመረ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጓዶች፣ የእርጥብ ክብሪት የሙዚቃ ጓድ አባላት የሕይወት ታሪክ እንደሚከተለው ነው» አለ የገዛ ድምፁ።

ደገፋ ወደ ቀበሌ በረረ። ጓድ ንዋይ አልደነገጠም።

«የሰው ታሪክ ከማኅደሩ ተለይቶ አይቀመጥም» ሲል አስረዳው። «ታሪኩ የእነሱ ነው፤ የእነሱ ካሴት ላይ ተቀዳ። አውራጃውም ሰምቶ አመስግኗል። ሌላ የት ልናደርገው ኖሯል?»

«ጀርባው ላይ ቢሆንስ ምን ነበረበት?»

«ጀርባው ሠርግ ነው። የሕዝብ ባህል እንዴት እናጠፋለን?»

ደገፋ ቤቱ ተመለሰና ቁጭ ብሎ ሰማው። በንባቡ እንከን አልነበረውም። አያትየው በሩ ላይ ሲወድቅ ደገፋ እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ እንዲህ ያለ ሰው እንዳልነበረ ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ መሠረተ ትምህርቱ፣ ችግኙ፣ ጭብጨባው መጣ። ቴፑ ቀጭ አለና የአሥራ አራተኛው ዘፈን መጨረሻ፣ አርባ ሰከንድ የምትሆን፣ ጮኻ አለቀች።

እርሳስ አነሳና አሰላው። አያትየው ሁለት ዘፈን በልቷል። እናቶቹ ልብስ ሲያጥቡ አንድ ዘፈን፣ ችግኙ አንድ ዘፈን። አራቷን መስመር መርጦ ቢሆን ኖሮ የሚጠፋው ሃያ ሰከንድ ነበር፤ ያውም ከበሮው ገና ሳይጀምር። ጓድ ንዋይን ሊረግም አፉን ከፈተና ተወው። አሥራ ሦስቱን ዘፈን ያጠፋቸው ራሱ ነው፣ በገዛ አፉ።